ከኮምፔንሳቶው ወዲያ

አጎቴ ማለዳ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግቶ ፈገግታ ሲለማመድ ሰማሁት። ፈገግታ ደግሞ ይሰማል ወይ የሚል ካለ አጎቴን አያውቅም ማለት ነው። መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ቀጥሎ ትንፋሹን ይስባል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ዘመን ሙሉ ያልተከፈተ ቁም ሣጥን በጉልበት ሊከፍት የቆመ ሰው ዓይነት ጸጥታ ነው። ከዚያ ስልኩ በሴት ድምፅ «ፊትዎ አልተለየም፤ እባክዎ ፈገግ ይበሉ» ትለዋለች። እሱም ተቆጥቶ «ብያለሁ እኮ» ይላታል። ሚስቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ማንን ነው የሚያናግረው ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ግብር ቢሮን ነው አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ተመለሰች። በዚህ ሁሉ ዓመት ትዳር እሷ ያላየችውን ፈገግታ መንግሥት በአንድ ማለዳ መጠየቁ ሳይከነክናት አልቀረም፤ ቁርሱን ያለወትሮዋ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ነው የሄደችው።

አጎቴ የግብር ወኪል ነው። ነጋዴው ውክልና ይሰጠዋል፣ እሱ በነጋዴው ስም ያሳውቃል፣ ይሰለፋል፣ ይከራከራል፣ ሲብስም ይለማመጣል። ለዚህ ሥራ እስከ ዛሬ የሚበቃው ማኅተምና የተኮሳተረ ፊት ነበር፤ ሁለቱም አሉት። ዘንድሮ ግን የግብር ቢሮው አገልግሎቱን በሙሉ ወደ ኢንተርኔት አዛወረና ወኪሎች ተዘጋጁ ተባሉ። በመልእክት ተነገራቸው፣ በስብሰባ ተነገራቸው፣ ስልጠናም ተሰጣቸው። አጎቴ ከስልጠናው የታደለውን እስክሪብቶ ይዞ መጣ፤ ትምህርቱን እዚያው ትቶት። «የቸኮለ ሁለት ጊዜ ይዘጋጃል» እያለ ወራቱን ገፋቸው። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ደንበኞቹን አንድ በአንድ በአዲሱ ሲስተም ከራሱ ስም ጋር ማያያዝ አለበት፤ በመጨረሻም ለካሜራው ፈገግ ብሎ እኔ ነኝ ማለት አለበት። ያልተያያዘ ደንበኛ ከነገ ጀምሮ ባለቤት እንደሌለው በግ ነው፤ ያገኘው ወኪል ይነዳዋል።

ያገኘው የሚባለው ደግሞ ሩቅ አይደለም። የኛ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኮሪደሩን ተሻግሮ ፊት ለፊታችን ላፕቶፑ አለ። ላፕቶፑ ሰው ነው። ኮምፒውተሩን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ስለሚሄድ ነው ስሙን ያወጣነው። ሲስተሙ በወጣ በሳምንቱ ደንበኞቹን ሁሉ አያይዞ ጨርሶ፣ አሁን በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ ገዝቶ፣ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ለስላሳ እየጋበዘ ይጠብቃል። አሞራ እንኳ እንዲህ በግልጽ አያንዣብብም።

የኛ ቢሮ ድሮ አንድ ክፍል ነበር፤ አያቴ ለአጎቴና ለአክስቴ ያወረሱት። አሁን መሐሉን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ሰንጥቆታል። ግድግዳው የሚያርፈው መስኮቱ መሐል ላይ ስለሆነ አጎቴ ግማሽ ሰማይ፣ አክስቴ ግማሽ ሰማይ አላቸው። የመብራቱ ማብሪያ የደረሰው ለእሱ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ለእሷ። ስለዚህ እሱ ካልመጣ እሷ በጨለማ ትሠራለች፤ እሷ ካልመጣች የእሱ ኮምፒውተር ሬሳ ነው፤ ገመዱ በኮምፔንሳቶው አናት ላይ ተንጠልጥሎ ነውና የሚመጣው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን አንድም ቀን ማብሪያው ሳይበራ፣ አንድም ቀን ገመዱ ተነቅሎ አላየሁም። መነጋገሩ ነው የቀረው። ኮምፔንሳቶ ደግሞ ሳል እንኳ አያስቀርም። አንዱ የተነፈሰውን ሌላው ይሰማል፤ ግን የሚመልሰው በእኔ በኩል ነው። እሱ «ወዲያኛዋን ጠይቂያት» ይላል፤ እሷ «ወዲያኛውን ንገሪው» ትላለች። እኔ የታናሽ እህታቸው ልጅ ነኝ። ለእሱ ፋይል አስተካክላለሁ፣ ለእሷ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ ዋናው ሥራዬ ግን የስልክ ሽቦ መሆን ነው።

የጠቡ መነሻ አንዲት ቃል ናት። አክስቴ ታላቅ ናት። አያቴ ሒሳቡን ያስተማሩት እሷን ነው፤ እሱ የተማረው ሰልፍ መያዝ ነው። እሷ ትሠራለች፣ እሱ ይዞ ይሄዳል፣ ሁለቱም ይበላሉ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ፍራሽ ነጋዴ አዲስ ደንበኛ ሆኖ መጣና ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ዓይቶ ማን ናት ብሎ ጠየቀ። አጎቴ ኮቱን እያስተካከለ «ጸሐፊዬ ናት» አለ። አክስቴ የጀመረችውን ገጽ ጨርሳ፣ መነጽሯን አጥፋ፣ ደህና ዋሉ ብላ ወጣች። በነጋታው አናጺ ይዛ መጣች።

እንግዲህ የዛሬው ጉድ እዚህ ላይ ነው። አጎቴ በሙያው አንድ የማይናወጥ እምነት አለው። የደንበኛን ስልክ ለግብር ቢሮ መስጠት በሬን ከቢላዋ ጋር ማስተዋወቅ ነው ይላል። ደንበኛ ከግብር ሠራተኛ ጋር በቀጥታ ከተነጋገረ ወይ ይኮራል ወይ ያለቅሳል፤ ሁለቱም ያስከፍላል። ድሮ አንድ ጫማ ሻጭ ተደውሎለት ሥራ እንዴት ነው ቢሉት «እግዜር ይመስገን፣ ሰው ሁሉ እግር አብቅሏል» ብሎ መለሰ። አጎቴ ያቺን ዓረፍተ ነገር ለማስተባበል ወር ሙሉ ተመላልሷል። ከዚያ ወዲህ ስልክ በሚል ቦታ ሁሉ የአክስቴን ቁጥር ሞላ። ከተኳረፉ በኋላ የመጡትንም በእሷ ቁጥር ነው የመዘገባቸው፤ በቃሉ የሚያውቀው ሌላ ቁጥር የለውማ። አክስቴም ቢሮው ሲደውል ታነሳለች፤ «ደንበኛው ለጊዜው የሉም፣ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ» ትላለች፤ ከዚያ «ንገሪው፣ ዳቦ ቤቱን ፈልገውታል» ትለኛለች። እንዲህ ሆኖ ኖረ።

ላፕቶፕ ያልሆነውን፣ ማቡኪያ የሚያክለውን ኮምፒውተራችንን ከፈትኩና የመጀመሪያውን ደንበኛ፣ ዳቦ ቤቱን፣ አስገባሁ። ሲስተሙ «የማረጋገጫ ኮድ ወደ ግብር ከፋዩ ስልክ ተልኳል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያስገቡ» አለ። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ «ጢጥ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አጎቴና እኔ ተያየን። ጫማ ሻጩን አስገባሁ፤ ጢጥ። መድኃኒት ቤቷን አስገባሁ፤ ጢጥ። አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። ቁጥር ለመቀየር እያንዳንዱ ነጋዴ መታወቂያውን ይዞ ራሱ ግብር ቢሮ መቅረብ አለበት፤ የዚያ ሰልፍ ደግሞ ከሰሞኑ ሕንጻውን ዞሮ መልሶ ራሱን ሊነክስ ደርሷል። ስለዚህ የሕይወት ዘመን ሥራው በሙሉ፣ አንድ ደንበኛ ሳይቀር፣ በወዲያኛዋ የሹራብ ኪስ ውስጥ «ጢጥ» እያለ ነበር።

አጎቴ ትእዛዝ የሚሰጠው ሲቸግረው በለሆሳስ ነው። ወዲያኛዋ ቁጥሩን ታንብብ በያት አለኝ። አልኳት። ከወዲያ መልስ ከመምጣቱ በፊት ሲስተሙ ቀደመ። አንድ ስልክ ለዚህ ሁሉ ግብር ከፋይ መዋሉን አይቶ ኖሮ ቀይ ጽሑፍ አወጣ፤ የቁጥሩ ባለቤት ለወኪሉ ምኑ እንደሆነ ምረጥ ይላል። ምርጫው ሦስት ነው፦ ሠራተኛ፣ አጋር፣ ሌላ። እህት የሚል የለም። አጎቴ እንደ ፈተና ተማሪ ሦስቱን ደጋግሞ አነበባቸውና የማያጣላው መስሎት «ሌላ» የሚለውን በራሱ እጅ ተጫነ።

ጢጥ።

የአክስቴ ወንበር ተንቋቋ። ከዚያ የመነጽሯ ማኅደር ሲከፈት ሰማን። ከዚያ ድምጿ መጣ፤ የሬዲዮ ዜና አንባቢ እንኳ እንደዚያ ጥርት አድርጎ አያነብም።

«‹ስልክ ቁጥርዎ በወኪሉ ዘንድ ሌላ ተብሎ ተመዝግቧል። ከተስማሙ አንድን ይጫኑ።› ንገሪው፣ ‹ሌላ› የተባለች ሴት ኮድ አታነብም።»

እንግዲህ አጎቴ በዕድሜው ብዙ ነገር ለብዙ ሰው በብዙ ዓይነት ተናግሯል፤ ለቢሮው አንድ፣ ለነጋዴው አንድ። ሥራው ነው። ይህ ሲስተም ግን የተናገረውን ሁሉ ወዲያው ለተነገረለት ሰው ያቀብላል። ላቡን ጠረገና «ሠራተኛ» የሚለውን ተጫነ። ጢጥ። ከወዲያ የጠረጴዛ መሳቢያ ተዘጋ፣ ቦርሳ ተነሳ፣ ቁልፍ ዞረ። አክስቴ በኛ በር በኩል ስታልፍ ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

«ንገሪው፣ ሠራተኛ ከሆንኩ የዓመት ፈቃድ አለኝ። ሦስት ዓመት አልወጣሁም። ዛሬ ጀምሬያለሁ።»

ደረጃውን ወረደች። ስልኩም አብሯት ወረደ። አጎቴ ወደ ግማሽ መስኮቱ ሄዶ አየ፤ መንገዱን ተሻግራ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ከኛ በትክክል በምትታይበት ወንበር ተቀመጠች። ሻይዋ መጣላት። ቀስ ብላ ታማስላለች። እዚህ ደግሞ በሩ ተንኳኳና ፍራሽ ነጋዴው አንገቱን አስገባ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባሁ ወይ አለ። አጎቴ እየገባህ ነው አለው። ነጋዴው ግማሽ አካሉ ከኮምፒውተሩ ውጭ ቀርቶ ከሆነ እንዳይበርደው ፈርቶ መሰለኝ፣ ትንሽ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ኮሪደሩን ተሻግሮ እዚያ አረፍ ልበል ብሎ ሄደ። በተከፈተው በር የላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ሲከፈት፣ የለስላሳ ቆርኪ ሲነሳ፣ የፍራሽ ነጋዴው ጫማ ከእንግዳ ወንበር በታች ተዘርግቶ ሲመቻች አየን። ላፕቶፑ ደግሞ ጮክ ብሎ «እኛ ጋ ኮድ በአንድ ደቂቃ ነው አባቴ» ይላል።

አጎቴ አንዴ የነጋዴውን ጫማ ያያል፣ አንዴ የአክስቴን ሻይ። ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ያሳዝናል እንዳልል ለራሱ ያመጣው ነው፤ አልራራሁለትም ብል ግን እዋሻለሁ። እኔ ልጫንልህ ጋሼ አልኩት። እጄን ገፋ። ሄዶ በሩን ዘጋ፤ ላፕቶፑ እንዳያይበት ይሁን እኔ እንዳላይበት አላውቅም፣ እኔ ግን ውስጥ ነበርኩ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ማኅተም የሚመታ ይመስል ጣቱን ከፍ አድርጎ «አጋር» ላይ አሳረፈ። ከዚህ ፎቅ ጢጥታው አይሰማም። ከመስኮቱ ያየሁት፣ አክስቴ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀምጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ራቅ አድርጋ ስታነብ ነው። ሁለት ጊዜ አነበበችው መሰለኝ። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ተመለሰች። ቁልፉ ዞረ፣ ወንበሩ ተንቋቋ፣ መሳቢያው ተከፈተ። ከዚያ «ንገሪው፣ አንድን ተጭኛለሁ» አለች። ሲስተሙ አረንጓዴ ሆነ።

ያኔ ሥራው ተጀመረ፤ ሥራው ብቻ ሳይሆን ስቃዬም። ኮዱ ጢጥ ይላል፤ አክስቴ ስድስቱን ቁጥር አንድ በአንድ ታነባለች። አጎቴ ጆሮው እንደ ጥንቸል ቆሞ ይሰማታል፤ ጣቱ ግን አይንቀሳቀስም። እኔን ነው የሚያየው። እኔ ደግሜ ስል ነው የሚጽፈው። መሐል ላይ ቁጥር ካመለጠው «ትድገምልኝ በያት» ይላል፤ እኔ ድገሚለት እላታለሁ፤ እሷ ሰምታ ጨርሳለች፣ ግን እኔ እስክነግራት ትጠብቃለች፤ እኔ ከነገርኳት በኋላ ትደግማለች፤ እኔ እደግማለሁ፤ እሱ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሁለት ደቂቃው ያልቃል። ኮዱ ይሞታል። ሌላ እንጠይቃለን። ዳቦ ቤቱ ብቻውን አራት ኮድ በላ። በአንድ ክፍል አየር የሚተነፍሱ ሁለት ሰዎች መሐል ቆሜ የሰሙትን ሳሰማ ዋልኩ። ጉሮሮዬ ሲደርቅ ውሃ እጠጣለሁ፤ ሲደርቅ እጠጣለሁ። ጫማ ሻጩ ገባ፣ መድኃኒት ቤቷ ገባች፣ መስታወት ቆራጩ ገባ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከብዙ ልመና በኋላ ገባ።

ፍራሽ ነጋዴው ለስላሳውን ጨርሶ ሊሰናበት ይሁን ሊያጣራ ብቅ ያለው በዚህ መሐል ነው። በሩ ላይ ቆሞ ከግድግዳው ወዲያ የሚመጣውን ድምፅ ሰማ፤ ሰባት፣ ዜሮ፣ አራት የሚለውን። እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ክፋት አስቦ አይደለም፣ ያቺ ጸሐፊህ እስካሁን አለች እንዴ ብሎ ጠየቀ።

የአክስቴ ንባብ ቁጥር መሐል ላይ ቆመ። ፎቶ ኮፒው ማሽን እንኳ ያን ጊዜ ጉርምርምታውን የተወ መሰለኝ። አጎቴ ፊቱ ቀላ። ኮቱን ሊያስተካክል እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። ሲናገር ለነጋዴው አልነበረም፤ ለኮምፔንሳቶው ነበር።

«ጸሐፊ አይደለችም። አጋሬ ናት። ሲስተሙም ያውቀዋል።»

ሲስተሙ ባያውቀው ኖሮ ይናገረው ነበር ወይ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። ፍራሽ ነጋዴው ግን ሲስተም የሚለውን ቃል ሲሰማ እንደ ሹመት ስለቆጠረው ወደ ግድግዳው እጅ ነሳ፤ እመቤቴ ይቅርታ፣ አላወቅኩም አለ። እንግዲያው እኔንም አስገቡኝ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ አክስቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ ሰባት፣ ዜሮ፣ አራት ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ድሮ ፊደል ስታስቆጥረኝ እንደነበረው፣ ቀስ ብላ። ያ ደንበኛ ገባ፤ ቀጥሎ ፍራሽ ነጋዴው በመጀመሪያው ኮዱ ገባ። ደስ ብሎት ሲወጣ ላፕቶፑ ከበሩ ላይ ሆኖ ባዶ ጠርሙሱን ያነሳ ነበር።

መንገድ ላይ የሱቅ መዝጊያ ሲወርድ መሰማት ጀመረ። የቀሩት ደንበኞች የሚቆጠሩ ናቸው፤ የቀረው ሰዓት ግን ከነሱ ያንሳል፤ በእኔ ጉሮሮ በኩል ደግሞ አይደርሱም። በዚያ ላይ የጠጣሁት ውሃ ሁሉ ሒሳቡን ጠየቀ። ያዝ አደረግኩ፣ እግሬን አጣመርኩ፣ አልሆነም። መጸዳጃው ምድር ቤት ነው፤ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ ጤንነትሽ እንዴት ነው ሳይል አይሰጥም። ጋሼ መጣሁ ብዬ ሮጥኩ። ከኋላዬ አጎቴ የት ትሄጃለሽ ሲል፣ አክስቴም ከወዲያ የት ነው የምትሄደው ስትል እኩል ሰማኋቸው።

ስመለስ የሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ነው ጢጥ ሲል የሰማሁት። የቢሮአችን በር ክፍት ነበር። ቆምኩ። ሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚሞት ነገር መሐላቸው ተጋድሞ ሁለቱም እኔን ይጠብቃሉ። አጎቴ ሲያስል ሰማሁ። አክስቴም ሳለች። ከዚያ አክስቴ ለማንም እንዳልሆነ፣ ለግድግዳው፣ ለአየሩ፣ ቁጥሩን አነበበችው። የኪቦርድ ድምፅ መጣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ቆመ።

«እትዬ፣» አለ አጎቴ። «ድገሚልኝ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሰማኋት ቃል ናት። አክስቴ መለሰች፤ ድምጿ ትንሽ ሻክሮ ነበር። «ስምንት፣ ሁለት፣ አምስት» አለች፤ «ጆሮህን ደግሞ ታከም።» እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ጢጥ ሲል ታነባለች፣ ሲያመልጠው ድገሚልኝ ይላል፣ ስትደግም ትሰድበዋለች፣ ሲሰደብ ይፈጥናል። ለካ ያለ እኔ እንዲህ ይሮጣሉ። ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ ሰው ሥራው በዓይኑ ፊት ሲሞት ደስ አይለውም።

የመጨረሻው ኮድ ገብቶ ስገባ ሲስተሙ ፈገግታው ላይ ደርሷል። አጎቴ ካሜራው ፊት ጉሮሮውን እየጠረገ ነበር። «ፊትዎ አልተለየም፤ እባክዎ ፈገግ ይበሉ።» ማለዳ የተለማመደው ሁሉ ጠፍቶበታል፤ ከንፈሩ የተሸበበ ከረጢት ይመስላል። «እባክዎ ፈገግ ይበሉ።» ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። አክስቴ አላስችላት አለ፤ በሯን ከፍታ ወጣች፣ በኛ በር ገባች፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ኮምፔንሳቶውን ከዚህኛው ጎን ዓይታ ፊቷን አጨፈገገችና ከአጎቴ ወንበር ኋላ ቆመች። «ምን ይገትርሃል፣» አለችው፤ «ለኔ አይደለም እኮ፣ ለመንግሥት ነው።»

ሲስተሙ ድንገት ሌላ ቃል አወጣ። «ሁለት ፊት ተገኝቷል። እባክዎ ወኪሉ ብቻ ይታይ።»

አጎቴ ስክሪኑን አየ፤ የራሱን ፊት፣ ከትከሻው በላይ የእህቱን ፊት። ከዚያ ከልምድ የተነሳ ወደ እኔ ዞረ።

«ሁለታችንም ነን በይው» አለኝ።

«ራስህ ንገረው፤» አለች አክስቴ፣ «አፍ የለህም?»

አጎቴን በሳቅ የገደለው ይህ ነው። መጀመሪያ ትከሻው ተናወጠ፣ ከዚያ አፉ እምቢ እያለው ተከፈተ፣ ከዚያ የጎደለው ክራንቻው ሥፍራ ሳይቀር ታየ። አክስቴ ወደ ጎን ፈቀቅ ልትል ስትል ካሜራው ቀጭ አለ። «ተረጋግጧል። እንኳን ደስ አለዎት።» የምስክር ወረቀቱ ከአክስቴ ማተሚያ ማሽን ነው የወጣው፤ ማተሚያው ወዲያ ነውና። ከላይ በኩል የአጎቴ ፎቶ አለበት፤ አፉን እንደ ጉማሬ ከፍቶ፤ ከጆሮው ኋላ ደግሞ ግማሽ መነጽርና አንድ የተገረመ ዓይን ይታያል።

አጎቴ «ወረቀቱ እኔ ጋ ነው የሚሰቀለው» አላት፤ «ደንበኛ መጀመሪያ የሚገባው በኔ በር ነው።» አክስቴ «በኔ ወረቀት፣ በኔ ቀለም፣ በኔ ኤሌክትሪክ ታትሞ አንተ ጋ ሊሰቀል!» አለችው። እሱ «መብራቱን ማን አበራልሽ» አላት። እሷ «ኮዱን ማን አነበበልህ» አለችው። ግራና ቀኝ ያዙት፤ እንዳይቀደድ ብቻ ሁለቱም ይጠነቀቃሉ። ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩ። ንገሪው ያለኝ የለም፤ ንገሪያትም ያለኝ የለም። ቦርሳዬን አንስቼ ደህና እደሩ አልኳቸው፤ አልሰሙኝም።